ባህር ዳር ላይ ኮምቢ (የቮልስ ሚኒባስ) ልትገዙ ያሰባችሁ፣ የሚያሳዩዋችሁ ሞተር ሌላ፣ የሚያስረክቧችሁ ሌላ

ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው፣ ነገ የናንተ ተራ እንዳይሆን።

የድሮ ቮልስ የሚሸጡትን ታውቋቸዋላችሁ። አዲስ ቀለም የተቀባ መኪና ግቢው ውስጥ ይቆማል፣ ደላላው በር ላይ ይጠብቃል፣ ቡና ይመጣል፣ «ለእርስዎ ስለሆነ ነው እንጂ» ይባላል። የኔም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ኮምቢዋን የፈለግኳት እንግዳ ወደ ጢስ ዓባይ ለማመላለስ ነው፣ ሲገኝም ጎንደር ድረስ። ስለዚህ ገና ስንገናኝ ሻጩን «2000 ሲሲ የሚባለው ሞተር ካልሆነ አልፈልግም» አልኩት። እሱም «ያለው እሱ ነው ጋሼ» ብሎ ከፍቶ አሳየኝ። እውነትም 2000 ነበር። የሞተሩን ቁጥር አንብቤ በስልኬ ፎቶ አንስቻለሁ፣ በሲ ጄ (CJ) ይጀምራል።

ለማያውቅ ሰው ኮምቢ ሁሉ አንድ ይመስላል። 1600 የሚባለውም 2000ውም ሞተር ከኋላ ናቸው፣ ሁለቱም ራዲያተር የላቸውም፣ በአየር ነው የሚቀዘቅዙት። ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው። 1600ው የትንሿ ቮልስ ሞተር ነው፦ 1584 ሲሲ፣ 50 የፈረስ ጉልበት። ቬንቲላተሩ ከላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከዲናሞው ጋር በቺንጋ ይዞራል። ቺንጋው ከተበጠሰ ማቀዝቀዣ አለቀ ማለት ነው። የዘይት ፊልትሮ እንኳ የለውም፣ ወንፊት ብቻ። 2000ው ታይፕ 4 ከሚባለው ዘር ነው። ይሄ ሞተር በ1968 እ.ኤ.አ. ለቮልስ 411 የቤት መኪና ተብሎ ወጣ፣ በኋላ ኮምቢ ላይ በ1700 ገባ፣ ከዚያ 1800፣ በ1976 ሞዴል ደግሞ 2000 ሆነ። 1970 ሲሲ ነው፣ 70 የፈረስ ጉልበት። ጠፍጣፋ ነው፣ ቬንቲላተሩ በቀጥታ ክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ስለተገጠመ ቺንጋ አይጠብቅም። ባህር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ማንኛውም ካርቡራተር ያለው ሞተር እዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል። ሰው ሞልቶ ዳገት ለሚወጣ ያቺ 20 የፈረስ ጉልበት ትልቅ ነገር ናት። ለዚያ ብዬ ነው ከ1600ው ዋጋ በላይ 200 ሺህ ብር የጨመርኩት።

ውል ተፈራረምን፣ ሙሉ ክፍያ ፈጸምኩ። «ጠዋት አጥበን እናስረክብዎታለን» አለኝ።

ጠዋት ሄድኩ። ቁልፉን ተቀብዬ አስነሳኋት። ድምፁ ገና ሲሰማኝ ልቤ ደነገጠ። ወርጄ ኮፋኖውን ከፈትኩ። ቆሞ የሚዞር ቬንቲላተር፣ ከጎኑ ዲናሞ፣ ዙሪያው የሳሳ ቺንጋ። ማታ ያየሁት ጠፍጣፋ ሞተር የለም! ዘወር ስል ሻጩ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። «ሞተሬ የት ነው?» አልኩት። እስከ ማታ ድረስ ጋሼ፣ እርስዎ ሲለኝ የነበረው ሰው ቀና ሳይል «ያየኸው ይሄንኑ ነው» አለኝ። ፎቶውን አሳየሁት። «ፎቶ ከኢንተርኔትም ይወርዳል» አለ። ጎማ የሚነፋው ልጅ ከወዲያ «ይነሳል አይደል? ምን ቀረህ?» ሲል ግቢው ሁሉ ሳቀ። ሁሉም ያውቃሉ። ሌሊቱን ሙሉ ሞተር ያወረዱትና የሰቀሉት እነሱ ናቸው።

ከዚያ ውሉን አወጣና ጣቱን አንድ መስመር ላይ አደረገ። የሞተር ቁጥር። ለካ የተጻፈው ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር ነው፣ ሊብሬው ደግሞ የ1600ው ነው። ስንዋዋል ስለዚሁ ጠይቄው ነበር እኮ፤ «ሞተሩ የተቀየረ ነው፣ መንገድ ትራንስፖርት ሄጄ የማስመዝገቡን ነገር እኔ እጨርሳለሁ» ብሎ ምሎልኛል። ያ ጠፍጣፋ ሞተር ለማሳያ ብቻ የሚገባ የሚወጣ ዕቃ ነው። «መኪናውን ባለበት ሁኔታ አይቼ ገዝቻለሁ» የሚለውንም አነበበልኝ፣ ጮክ ብሎ፣ ደንበኞች እየሰሙ። «ከፈለግህ ክሰስ» ብሎ ወደ ቡናው ተመለሰ።

በጣም ያቃጠለኝ ሌላም አለ። ሲጣደፉ በሞተሩና በቦዲው መሀል ያለውን ላስቲክ እንኳ አልመለሱም። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ያ ላስቲክ ከሌለው ከስር የወጣውን የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። መካኒኬ ባያየው ኖሮ እንግዳ እንደጫንኩ ሞተሩ መንገድ ላይ ግሎ ይነክስ (ደርቆ ይቆም) ነበር።

ልትገዙ ከሆነ ዓይናችሁ ያየውን የሞተር ቁጥር ውሉ ላይ አስጽፉ፣ ከሊብሬው ካልገጠመ አስመዝግቦ እስኪያመጣ ብር አትስጡ። የ1600ው ቁጥር ከዲናሞው መቀመጫ ስር ብሎኩ ላይ ተመትቷል፣ ጠርጋችሁ አንብቡት።

ፖሊስ ጣቢያ አመልክቻለሁ። ያ 2000 ሞተር አሁን ሌላ ኮምቢ ላይ ተሰቅሎ ገዢ እየጠበቀ ነው ብዬ አምናለሁ። በሲ ጄ የሚጀምር ሞተር ያሳዩት ወይም እንደኔ የተሸወደ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ቁጥሩን ከፎቶዬ ጋር እናመሳክር። ሁለት ሰው ሆነን ከቀረብን «ከኢንተርኔት ነው» ማለት አይችልም።