«ካንሰርንም ይሸፍናል» የሚባል የሕክምና መድን፦ ጎንደሮች፣ ሳታነቡ አትፈርሙ

በየሱቁ እየዞረ «ካንሰርን ጨምሮ ሁሉንም በሽታ ይሸፍናል» እያለ የሕክምና መድን የሚሸጥ ወኪል ከመጣባችሁ፣ ውሉን ሳታነቡ እንዳትፈርሙ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እሱን አምናችሁ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህናችሁን እንዳታቋርጡ። አክስቴ ላይ የደረሰው በሌላ እናት ላይ እንዳይደገም ነው ይህን የምጽፈው።

አክስቴ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ቅመማ ቅመም ትሸጣለች። ወኪሉ የሰፈሩን ነጋዴዎች ሰብስቦ በቡድን ነው ያስገባቸው። በያዘው ወረቀት ላይ በትልቁ 150 ሺህ ብር የሚል ተጽፏል። እሷም አልደበቀችውም፤ ጡቴ ላይ እብጠት አለ ብላ ነገረችው። «እትዬ፣ ገና አልተመረመሩም እኮ፤ እሱን መጻፍ አያስፈልግም» አላት። የጤና መድህኔን ላድስ ወይ ብላ ስትጠይቀው ደግሞ «ይሄ እያለዎት ያኛው ምን ያደርግልዎታል?» አላት። አረቦኑን፣ ማለትም የመድኑን ክፍያ፣ ከፈለች። የጤና መድህኗ ማደሻ ጊዜም አለፈ። ከዚያ ናሙና ተወሰደ፤ የጡት ካንሰር ሆነ።

የመጀመሪያውን ደረሰኝ ስናስገባ የመጣው መልስ «አንከፍልም» ነው። ያኔ ውሉን አስመጥተን መስመር በመስመር አነበብነው። ከዳር እስከ ዳር በእንግሊዝኛ ነው። ከፈረሙት ነጋዴዎች ስንቱ አንብቦት ይሆን?

ከውሉ በፊት የነበረ ሕመም አይሸፈንም ይላል። ብዙ ሰው «ከውሉ በፊት» ሲባል ምርመራው ያለቀበት ቀን ይመስለዋል። አይደለም። ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «መቼ ጀመረሽ?» ብሎ ነው፤ መልሱም ካርዱ ላይ ይጻፋል። መድን ድርጅቱ የሕክምና ማስረጃ አምጪ ሲል ያ ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል። የአክስቴ ካርድ ላይ እብጠቱ የጀመረበት ጊዜ ከፊርማዋ ይቀድማል። በዚያ ላይ «አይጻፍ» ያላት ነገር የባሰ ጉዳት አለው። በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕጋችን መሠረት መድን የሚገባ ሰው የሚያውቀውን ማሳወቅ አለበት፤ ሆን ብሎ ከደበቀ ውሉ ይፈርስበታል። ምክሩን የሰጠው ወኪል ኮሚሽኑን ይዞ ሄዷል። ፎርሙ ላይ ያለው ፊርማ የእሷ ነው።

ደግሞ ይህ ባይኖርስ? 150 ሺህ የተባለው ተኝቶ ለሚታከም ሰው ነው። ለተመላላሽ ታካሚ የተመደበው በዓመት 15 ሺህ ብቻ ነው። የካንሰርን ሕክምና በቅርብ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። አብዛኛው ኬሞ፣ ማለትም ካንሰሩን በመድኃኒት የማከም ሥራ፣ ጠዋት ገብተው ማታ ቤት የሚመለሱበት ነው። ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ ይሰጣል። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት የደም ምርመራ አለ። የማቅለሽለሽ መከላከያ አለ። መሃል ላይ አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ስካን ይታዘዛል። ይህ ሁሉ ከትንሿ ጣሪያ ነው የሚቀነሰው። ቀዶ ጥገናው ብቻ ነው በትልቁ ገንዘብ የሚገባው። በእኔ እምነት ይህን ውል «ካንሰር ይሸፍናል» ብሎ መሸጥ ማታለል ነው።

የጊዜውም ጉዳይ አለ። ውሉ የአንድ ዓመት ነው። የጡት ካንሰር ሕክምና ግን ኬሞው ሲያልቅ ላያበቃ ይችላል። ሆርሞን ለሚመለከተው ዓይነት ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን ቢያንስ 5 ዓመት ይዋጣል። ሄር2 የሚባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ትራስቱዙማብ የሚባል ውድ መርፌ አለ፤ የተለመደው ለአንድ ዓመት ነው። ድርጅቱ ዓመቱ ሲሞላ አላድስም ቢል ወይም አረቦኑን ቢቆልልስ? ማን ይዞ ይጠይቀዋል?

ጨረር ከታዘዘ ከሰኞ እስከ አርብ በየቀኑ ነው፤ ለሳምንታት ይቀጥላል። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ በኋላ ጅማን የመሰሉ ተጨምረዋል። ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን ያህል ጊዜ ማደሪያ፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ አብሮ የሚሄድ አስታማሚ። በአክስቴ ውል ውስጥ ስለ እነዚህ አንድ መስመር የለም።

ስለዚህ የተናቀችውን የጤና መድህን ደብተር ጠብቋት። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረ ነው። የቤተሰብ መዋጮ በዓመት አንዴ ይከፈላል፤ አባልነቱ የቤተሰብ ነው። ሲመዘገቡ «ምን ሕመም አለብሽ?» ብሎ የሚያስወጣ የለም። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ጉድለት የለውም አልልም። ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር መሄድ አለባችሁ፤ ዘልላችሁ ትልቅ ሆስፒታል ከገባችሁ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። የውጭ አገር ሕክምና አይሸፍንም። መድኃኒት ከሆስፒታሉ ሲጠፋ ደግሞ ታካሚው ወደ ግል ፋርማሲ ይሮጣል፤ ለኬሞ መድኃኒት ይህ ከባድ ወጪ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ማዘዣው ላይ መድኃኒቱ እንደሌለ አስጽፋችሁ ማኅተም አስደርጉ። ከዚያ የጤና መድህን ክፍሉን ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ ጠይቁ። ደረሰኝ የሌለው ግዢ ግን በከንቱ የወጣ ገንዘብ ነው።

የግል መድን መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ጤነኛ ሆኖ፣ አስቀድሞ፣ ሁሉንም በግልጽ ነግሮ የገባ ሰው ሊጠቅመው ይችላል። መሥሪያ ቤታችሁ ካስገባችሁም ደስ ይበላችሁ፤ ግን የውሉን ቅጂ ተቀበሉ። ከመፈረማችሁ በፊት የማይሸፈኑትን የሚዘረዝረውን ገጽ አሳየኝ በሉት። ኬሞ በተኝቶ ነው ወይስ በተመላላሽ የሚያዘው? ከፈረምኩ ከስንት ወር በኋላ ነው መጠቀም የምጀምረው? ለድርጅቱ ውል ያለው የትኛው ሆስፒታል ነው? ከፍዬ ነው የምጠይቀው ወይስ እናንተ በቀጥታ ትከፍላላችሁ? መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ በጽሑፍ፣ በአማርኛ፣ ማኅተም ያለበት ይሁን። ወኪሉ «ጣጣ የለውም» ካለ አመስግናችሁ ሸኙት።

የፈረማችሁ ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ውሉን አውጡና እንግሊዝኛ ለሚችል ሰው አስነብቡ። ያልተገለጸ ሕመም ካለ ራሳችሁ ሄዳችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። ክፍያ ሲከለክሏችሁ ምክንያቱን በደብዳቤ ስጡኝ በሉ፤ በስልክ የተነገረ እምቢታ ለአቤቱታ አይመችም። መድን ድርጅቶችን ፈቃድ የሚሰጣቸውና የሚቆጣጠራቸው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። አቤቱታ ወደዚያ ይገባል። ከደብዳቤው ጋር የውሉን፣ የአረቦን ደረሰኙንና የሕክምና ማስረጃውን ቅጂ አያይዙ፤ ዋናዎቹን ለማንም እንዳትሰጡ። የጤና መድህናችሁ የተቋረጠባችሁም ቀበሌ ሄዳችሁ ምዝገባው የሚከፈትበትን ቀን ጠይቁ፤ አክስቴም ስሟን አስይዛ እየጠበቀች ነው። እስከዚያ የኬሞዋን ወጪ ዘመድና የእድሯ ሰው እያዋጣ ነው።