የባህር ዳርቻ ቤት ለምታስቡ፦ እኛን ካሳረፈችን አርክቴክት ጋር ላገናኛችሁ

እናቴ በየቀኑ «ያቺን ልጅ በሰው ፊት አመስግኛት» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ለአንዲት አርክቴክትና አብረዋት ለሠሩት አናጢዎችና ግንበኞች ከልብ የሆነ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ቤታችን ያለው ከባህሩ አፍንጫ ስር ነው። ድሮ ነፋስ በተነሳ ቁጥር እናቴ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ ታድር ነበር። አሁን ትተኛለች። ለእኔ ከዚህ በላይ ምን አለ?

ከዚያ በፊት ያየነውን አበሳ ግን ፈጣሪ ይቁጠረው። ስም አልጠራም። የመጀመሪያው ሰውዬ ቀብዱን ተቀበለ። አሸዋውን ከዚያው ከባህሩ ጠርዝ እያፈሰ፣ ሳያጥበው ከሲሚንቶ ጋር አስቦካው። ገነባ፣ ቀለም ቀባ፣ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ግድግዳው ላይ ቡናማ ዝገት ይወርድ ጀመር። ከዚያ ኮንክሪቱ ተሰነጣጠቀና ተላጠ። አንድ ቀን እናቴ ከምትቀመጥበት ወንበር አጠገብ ከጣሪያው ቁራጭ ወደቀ። ስደውልለት «የአየሩ ጸባይ ነው» አለኝ። ቀጥሎ ጭራሽ ስልክ ማንሳት ተወ።

ሁለተኛው ደግሞ ቦታውን ዞር ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ ሌላ ቦታ የሠራበትን ፕላን ዘረጋልን። እናቴ አንድ ነገር ስትጠይቀው ወደ እኔ ዞሮ መለሰ፤ እሷ እዚያ የሌለች ይመስል። ያ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ተስፋ ቆርጠን ቦታውን ልንሸጥ ስንል ነው አንዲት ዘመዳችን ይህችን ልጅ የጠቆመችን።

መጣች። ሜትር አላወጣችም፣ ወረቀት አልዘረጋችም። እዚህም እዚያም እንጨት ተከለችና ጫፉ ላይ ቁራጭ ጨርቅ አሰረች። ነፋሱ ቀን ከየት፣ ማታ ከየት እንደሚመጣ ልታይ ነው። ከዚያ እናቴ አጠገብ ቁጭ ብላ «እማማ፣ ነፋሱ በጣም የሚያስቸግርዎት በየት በኩል ሲመጣ ነው?» አለቻት። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያንን ባህር ስታይ ነው የኖረችው። ጠይቋት የሚያውቅ ባለሙያ ግን አልነበረም። ስታወራ ዋለች፤ ልጅቷም ሁሉንም ጻፈች። ፕላኑ ሲመጣ በሩ አቅጣጫውን ቀይሯል፣ ቤቱም ከውሃው ፈቀቅ ብሏል። አሸዋው ላይ የበቀለው ሣር እንዳይነካም አጥብቃ አስጠነቀቀች። አሸዋውን የያዘው የሣሩ ሥር ነውና።

የቀድሞው ቤት በሽታ ምን እንደነበረም የገባኝ በእሷ ነው። ጨው በኮንክሪቱ ውስጥ ሰርጎ ፌሮው ጋ ይደርሳል። ፌሮው ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ ደግሞ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ስለዚህ ከፍርስራሹ ደህና ደህናውን ድንጋይ አስለቅማ በኖራ አስገነባችው። እንጨቱ አብዛኛው ከፈረሰ የወደብ መጋዘን የመጣ ነው። «አሮጌ እንጨት ያዋጣል ወይ?» ብዬ ስሰጋ ሰው ከጥንት ጀምሮ ባህሩ የሰጠውን እንዴት ሲጠቀም እንደኖረ አጫወተችኝ። የምጽዋ የድሮ ቤቶች በኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ዴንማርክ ውስጥ ደግሞ ሌሶ በምትባል ደሴት ጣሪያ የሚከድኑት በባህር ሣር ነበር፤ ሣሩ ውስጥ ያለው ጨው ከመበስበስ ስለሚጠብቀው ጣሪያው ለብዙ ትውልድ ይቆያል። ስለ ኖራው አቦካክም ብዙ አስረድታኛለች፤ እሱን ለባለሙያዎቹ ልተወው። እኔ የማውቀው ቤቱ እርጥበት እርጥበት እንደማይሸት ነው።

ልቤን የነካው ግን መደገፊያው ነው። የእናቴ ዓይን ደክሟል። ይህን ለአርክቴክቷ ማንም አልነገራትም፤ ራሷ አስተውላ ነው። ከመኝታ ቤቱ እስከ በረንዳው ድረስ ከዚያው ከአሮጌው እንጨት ለስላሳ መደገፊያ አሠራችላት። ደረጃው ጋ ከመድረሷ በፊት አውራ ጣቷ የሚያርፍበት ትንሽ ጎድጎድ ያለ ምልክት አለው። አናጢው ጨርሶ ሲጠራት ልጅቷ ጫማዋን አወለቀች፣ ዓይኗን ጨፈነችና መደገፊያውን ይዛ ሄደች። መለስ ብላ «ምልክቱ ዘግይቷል፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አድርገው» አለችው። አናጢውም ሳያጉረመርም እንደገና ሠራው። ክፍያ ልጨምር ብል በጄ አላለችም።

ደግሞ አትዋሽም። እንጨቱ በየጊዜው ዘይት እንደሚፈልግ፣ ኖራውም እንደገና መቀባት እንዳለበት ገና ከመጀመሪያው ነግራናለች። «ባህር አጠገብ እንክብካቤ የማይፈልግ ቤት አለ የሚላችሁን አትመኑ» አለችን። እንዲህ የሚል ባለሙያ ከየት ይገኛል? እባካችሁ፣ እንደኛ ሳትቃጠሉ በፊት እሷን አነጋግሯት!

ስሟንና ስልኳን እዚህ አልለጠፍኩም፤ መጀመሪያ እኔ እንዳገናኝ ስለፈለገች ነው። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ወዲያው አገናኛችኋለሁ። ቤቱን ማየት የሚፈልግ ካለም ይምጣ፤ እናቴ ራሷ ታስጎበኘዋለች። በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ ስለማትይዝ ቀደም ብላችሁ ብታናግሯት ይሻላል። ቦታውን ሳታይ ዋጋ አትናገርም፤ ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች በሙሉ ይገኙ፣ በተለይ አዛውንቶቹ።