ክሬዲታችሁ ተበላሽቷል፣ ቤት አይታሰብም ለተባላችሁ

ባለቤቴ «ጻፊው እንጂ፤ ስንት ሰው እንደኛ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል» እያለ ሲጨቀጭቀኝ ከረመ። እውነቱን ነው። እኔም ምስጋናዬን ሳላደርስ መቅረት አልፈልግም። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የምትሠራ አንዲት ሎን ኦፊሰር (የቤት ብድር የምታስጨርስ) አለች። የእኛው ልጅ ናት፤ በልጅነቷ መጥታ እዚሁ ያደገች። እኛ የራሳችን ቤት የገባነው በእግዚአብሔር ቸርነትና በእሷ ልፋት ነው። ስሟን እዚህ ያላወጣሁት ስላላስፈቀድኳት ነው። በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ ስልኳን እሰጣለሁ።

የኛ ነገር ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይሆንም። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል፣ እኔ ነርሲንግ ሆም ውስጥ እሠራለሁ። በ2020 ኮቪድ ሲገባ ኤርፖርቱ ጭር አለ። ተሳፋሪ የለም፤ የመኪናው ክፍያ ግን ወሩን ጠብቆ ይመጣል። የቻልነውን ያህል ከፈልን። በመጨረሻ አንድ ሌሊት መጥተው መኪናውን ጎትተው ወሰዱት። መኪናው ሄደ፣ እዳው ግን ቀረ፤ እሱም ወደ ኮሌክሽን (እዳ ሰብሳቢ ድርጅት) ተላለፈ። በኔ በኩል ደግሞ ሁለተኛ ልጄን የወለድኩበት የሆስፒታል ቢል ነበር። ኢንሹራንሱና ሆስፒታሉ አንዱ ለአንዱ ሲገፋው ከረመና ኮሌክሽን ገባ። ኢንሹራንሱ ኋላ ላይ ከፍሎታል፤ የክሬዲት ሪፖርቴ ላይ ግን እንዳልተከፈለ ተቀምጦ ቀረ። የሁለታችንም ክሬዲት ባንድ ሰሞን ተበላሸ ማለት ነው። ሌት ተቀን እየሠራን!

ከዚያ በኋላ ያየነውን ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል። መጀመሪያ «ክሬዲት እናጸዳለን» የሚል ሰው ጋ ሄድን። ገና ሥራ ሳይጀምር ገንዘብ ተቀበለን። በየወሩም ይቀበለናል። ስንደውል «ፕሮሰስ ላይ ነው» ይላል። ቆይቶ ስልክ ማንሳቱን ተወው። አንዲት መስመር እንኳ አላስነሳልንም። እንዲህ ያለ ድርጅት የገባውን ቃል ሳይፈጽም ቅድሚያ ገንዘብ መቀበል በፌዴራል ሕግ የተከለከለ መሆኑን፣ ሕጉም ከወጣ ከ1996 ጀምሮ ስንት ዓመት እንደሆነው የነገረችን ይህችው ልጅ ናት። እባካችሁ ይህን ለሰው ንገሩ። ገንዘቡን በላብ ያገኘ ሰው ነው የሚዘረፈው።

ሌላው ደግሞ የራሳችን ሰው ነው። «በናንተ ስም አይሆንም፤ ክሬዲቱ ንጹሕ የሆነ ሰው ፈልጌ በሱ ስም ይገዛል፣ እናንተ በየወሩ ትከፍላላችሁ» አለን። ለዚህም ዳጎስ ያለ ገንዘብ ጠየቀ። ባንክን መዋሸት ወንጀል መሆኑን እያወቀ ነው ይህን የሚለን። ትተነው ወጣን።

ከሁሉም የቆጨኝ ግን አንድ አበዳሪ ቢሮ ውስጥ የገጠመን ነው። ዳውንፔይመንታችን (ለቤቱ ቅድሚያ የምንከፍለው) የእቁብ ገንዘብ ነበር። ሃያ ሰው ሆነን፣ በወር አንድ አንድ ሺህ ዶላር እየጣልን፣ ዕጣ ሲደርሰን ያገኘነው 20 ሺህ ዶላር። ሰውየው የባንክ ስቴትመንታችንን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያቺን መስመር በእስክሪብቶ ጫፍ ይቀጠቅጣታል። «ይህ ሁሉ ጥሬ ገንዘብ ከየት መጣ?» አለ። አስረዳነው። ባለቤቴ በእጁ ጭምር እያሳየ አስረዳው። ሰውየው አጠገቡ ካለችው ሠራተኛ ጋር ተያይተው ፈገግ አሉ። ከዚያ «እንዲህ ያለ ነገር አንቀበልም» ብሎ ወረቀታችንን ገፋልን። ሰርቀን የመጣን ያህል ነው የተሰማኝ። መኪናችን ውስጥ ገብተን ሁለታችንም ዝም አልን።

ይህችን ልጅ የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ባለቤቴ ነው «አንዴ እንሞክር» ብሎ የወሰደኝ። አማርኛዋ ኮልተፍ ይላል፤ ግን አንድም ነገር በእንግሊዝኛ ተናግራ አላለፈችንም። የሦስቱንም የክሬዲት መዝገብ የሚይዙ ድርጅቶች፣ የኢኩፋክስን፣ የኤክስፒሪያንንና የትራንስዩኒየንን ሪፖርት አውጥታ ወንበሯን ወደኛ በኩል አመጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ መስመር በመስመር ወረድን። የሆስፒታሉ እዳ ላይ ስንደርስ እንባዬ መጣ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ መውጣት ያለበት ነው። የተከፈለ የሕክምና እዳ ከ2022 ወዲህ ሪፖርት ላይ አይቆይም» አለችኝ። የኢንሹራንሱን የክፍያ ወረቀት ከየት እንደማመጣ፣ ደብዳቤውን ለማን እንደምልክ አሳየችኝ። ቆይቶ እውነትም ወጣ። ለዚያ ሰውዬ ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈልንበትን ነገር እሷ በነጻ አስጨረሰችን!

ግን ወዲያው ቤት ግዙ አላለችንም። እንዲያውም «አሁን አትግዙ» አለችን። ልብ በሉ፣ ይህች ልጅ የምትበላው ብድሩ ሲያልቅ በምታገኘው ኮሚሽን ነው። «የመኪናውን እዳ ከኮሌክሽኑ ድርጅት ጋር ተስማምታችሁ በየወሩ መክፈል ጀምሩ፣ የክሬዲት ካርዱን እዳ ቀንሱት፣ አዲስ መኪና እንዳትገዙ፣ ከዚያ እንገናኛለን» አለች። ዝም ብላም አልጠፋችም። እየደወለች ትከታተለን ነበር። ባለቤቴ «እንደ እህት ነው የምትቆጣው» ይላል። ታክስ ስናሠራም ለባለቤቴ ነግራዋለች፤ ኡበር ለሚነዳ ሰው አበዳሪው የሚያየው የሁለት ዓመት የታክስ ወረቀቱን ነው፣ ያውም ወጪው ተቀንሶ የቀረውን። በእጅ የገባውን ሁሉ አይቆጥሩም። ሾፌሮች፣ ይህን ከወዲሁ እወቁት።

የወሰድነው ብድር ኤፍኤችኤ የሚባለው ነው። ውስጡን በደንብ አላውቀውም። የገባኝን ልንገራችሁ። መንግሥት ራሱ አያበድርም፤ ላበዳሪው ዋስትና ይሰጣል። በደንቡ መሠረት የክሬዲት ስኮሩ (ነጥቡ) 580 የደረሰ ሰው 3.5 በመቶ ብቻ ይዞ መግዛት ይችላል። ለ400 ሺህ ዶላር ቤት 14 ሺህ ዶላር ማለት ነው፤ የክሎዚንጉ (የመጨረሻው የግዢ ፊርማ) ወጪ ለብቻው ነው። ከ500 እስከ 579 ለሆነ ደግሞ 10 በመቶ ይጠየቃል። ከዚህ ከፍ ያለ ስኮር የሚጠይቁ አበዳሪዎችም አሉ። ባልና ሚስት አብረው ሲያመለክቱ የሚያዩት ስኮሩ ዝቅ ያለውን ነው። ይህን እንኳ ከእሷ በፊት የነገረን አልነበረም።

አሁን ወደ እቁቡ ልመለስ፤ ዕድሜ ልኬን የማልረሳላት እሱን ነው። ታውንሃውሱን አግኝተን፣ ውል ተፈራርመን፣ ሁሉም ነገር አለቀ ስንል አንደርራይተሩ (ብድሩን መርምሮ የሚያጸድቀው ሰው) ያችኑ 20 ሺህ ዶላር ከየት መጣች ብሎ ጠየቀ። ጉልበቴ ከዳኝ። አበቃልን አልኩ። እሷ ግን ምንም አልደነገጠችም። የኤፍኤችኤ መመሪያ ላይ እንዲህ ያለ የማኅበር ቁጠባ ስሙ ተጠቅሶ እንደተፈቀደ ታውቃለች። እቁቡ መኖሩና ከመቼ ጀምሮ እንዳለ፣ ገንዘቡን መቀበላችን፣ ብድርም አለመሆኑ በወረቀት ከተረጋገጠ ይበቃል አለችን። ያ በእስክሪብቶ ሲቀጠቅጥብን የነበረው ሰውዬ ያላወቀው፣ ለማወቅም ያልፈለገው ነገር ይህ ነው።

ችግሩ የእቁባችን ዳኛ ነበሩ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ በጣም የምናከብራቸው። ፊርማ ሲባሉ ፈሩ። «ነገ ታክስ ቢመጣብኝስ? የሰዉን ስም ለመንግሥት አሳልፌ ልስጥ እንዴ?» አሉ። አልፈርድባቸውም። ይህን ስነግራት ልጅቷ ምን አለች መሰላችሁ? «እኔ ራሴ መጥቼ ላናግራቸው» አለች። እሑድ፣ የእረፍት ቀኗን ትታ እቤታቸው ድረስ መጣች። ቡና ተፈልቶ ነበር። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ጉልበታቸውን ስማ ተቀመጠች። ደብዳቤውን ራሷ በአማርኛ ቃል በቃል አነበበችላቸው። እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እሷ ትመልሳለች። አንድም ጊዜ ሰዓቷን አላየችም።

ከዚያ የእቁቡን ደብተር ጠየቀች። በሰማያዊ ላፒስ የተሞላ፣ ጠርዙ የተላላጠ የተማሪ ደብተር ነው። በያንዳንዱ ስም ፊት ምልክት፣ ዕጣ በወጣለት ሰው ስም ላይ ክብ። ፎቶ ከማንሳቷ በፊት ቦርሳዋ ውስጥ ነጭ ወረቀት ፈልጋ የሌሎቹን አባላት ስም በሙሉ ሸፈነችው። የኛ መስመርና ቀኑ ብቻ ቀረ። «ጋሼ፣ እዩት፤ የማንም ስም አይታይም» ብላ ስልኳን አቀበለቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አዩት። ከዚያ «የተባረክሽ ልጅ! የት ጋ ነው የምፈርመው?» አሉ። እኔ ሲኒ ላነሳ መስዬ ወጥቼ ጓዳ ውስጥ አለቀስኩ።

ወረቀቱ ገባ፣ ጸደቀ፣ ክሎዚንግ ላይ ተቀምጠን ፈረምን። ልጆቼ አሁን የየራሳቸው ክፍል አላቸው። እናቴ አዲስ አበባ ሆና በቪዲዮ ቤቱን ስታይ እልልታዋን አቀለጠችው። የማን ሥራ እንደሆነ ስነግራት የልጅቷን የክርስትና ስም ጠየቀችኝ፣ በጸሎቷ ልታስባት።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽው፣ ክፉ አይንካሽ። የልብሽን መሻት ይስጥሽ። ሰው የናቀንን ጊዜ ሰው ያደረግሽን አንቺ ነሽ።

ወገኖቼ፣ ክሬዲታችሁ ተበላሽቷል ተብላችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁ እባካችሁ ወደዚህች ልጅ ሂዱ። ባልና ሚስት አብራችሁ ሂዱ፤ ሁለታችሁንም ነው የምታናግረው። ሪፖርት አይታ ለመምከር አምስት ሳንቲም አትጠይቅም። ዘንድሮ ባይሆን እንኳ ምን ማስተካከል እንዳለባችሁ አውቃችሁ ትወጣላችሁ። የሁለት ዓመት ታክሳችሁንና የባንክ ስቴትመንታችሁን ያዙ። እቁብ ያላችሁ ደግሞ ደብተሩ ከማን እጅ እንዳለ ከወዲሁ አጣሩ፣ ዳኛችሁንም ቀስ ብላችሁ አናግሩ። ቅዳሜም ትሠራለች። ጠዋት ስልኳ ስለሚጨናነቅ ከሰዓት በኋላ ብትደውሉላት ቶሎ ታገኟታላችሁ።