ሀዋሳ ውስጥ የቆየ ሞተር ሳይክል ላላችሁ፣ እኚህን መካኒክ እወቋቸው

የአባቴ ሆንዳ ሲጂ 125 ትናንት ተነሳች። ስድስት ዓመት ጓሮ ቆማ ነበር። አባቴ የግብርና ባለሙያ ሳለ በየገጠር ቀበሌው የዞረባት ናት። ሞተሯን የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ከዚህ በፊት ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) እንኳ ፈትቼ አላውቅም። ያስቻሉኝ አቶቴ አካባቢ ትንሽ ጋራዥ ያላቸው አንድ ጋሼ ናቸው።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ቦታ ሞተሩን በታትነው ሁለት ወር አስቀመጡትና «አያዋጣም፣ ሌላ ሙሉ ሞተር ግዢ» አሉኝ። ቡሎንና ዳዶው ተደባልቆ በማዳበሪያ ይዤ ወጣሁ። እያለቀስኩ ነበር።

ጋሼ ማዳበሪያውን ጨርቅ ላይ ዘረገፉት። አንድ በአንድ አዩት። ሲሊንደሩን ዳሰሱት፣ ለኩት። «ይሄማ ደህና ነው። ፋሻና ጓርኒሲዮን ብቻ ግዢ፣ ፒስተን እንዳትገዢ» አሉኝ። ፒስተን ሲሊንደሩ ውስጥ ላይ ታች የሚመላለሰው ነው፤ ፋሻ እሱን የሚከቡት ቀለበቶች፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ በክፍሎቹ መሃል የሚገባ ማሸጊያ ነው። ፒስተን ቢሸጡልኝ በምን አውቅ ነበር? ከዚያ «አባትሽ የነዳትን አንቺው ግጠሚያት» አሉ። ለአምስት ሳምንት ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ገጠምኩ።

የሚያስተምሩት ምክንያቱን እየነገሩ ነው። ሆንዳ ሲጂን በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣት ጥገና እንደ ልብ ለማይገኝበት አገር አስቦ መሆኑን ነገሩኝ። ለዚህ ነው ካሙ (ቫልቮቹን፣ ማለትም የሞተሩን የአየርና የጭስ በሮች የሚያስከፍተው) ከላይ በሰንሰለት ሳይሆን ከታች በጥርስ የሚዞረው። ቫልቮቹን የሚገፉት ሁለት ዘንጎች ናቸው። ለጀማሪ ትልቅ እፎይታ ነው። የካሙን ጥርስ ነጥብ ከክራንኩ (ፒስተኑ ከሚያዞረው ዘንግ) ጥርስ ነጥብ ጋር ፊት ለፊት ማጋጠም ብቻ ነው።

የፒስተኑን ፒን የምትይዘው ክሊፕ ላይ ስደርስ እጄን ያዙኝ። «መጀመሪያ ታች ያለውን አፍ በጨርቅ ድፈኚው!» ደፈንኩት። ወዲያው ክሊፗ ከእጄ ተፈናጥራ ጨርቁ ላይ አረፈች። ጨርቁ ባይኖር ሞተሩ ሆድ ውስጥ ነበረች። ያቺን ጥለው አዲስ ሰጡኝ፤ አንዴ የወጣች ክሊፕ አትመለስም አሉ። ፋሻዎቹንም ክፍተታቸው አንድ መስመር ላይ እንዳይውል ዙሪያውን አከፋፍዬ አስገባሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ቫልቭ ማስተካከል ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው፣ ማግኔቱ (ከክራንኩ ጋር አብሮ የሚዞረው) ላይ ያለችው የቲ ምልክት ቦታዋ ስትደርስ፣ በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መሃል ያለው ክፍተት 0.08 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ስሷ የብረት መለኪያ ስትሳብ ትንሽ ያዝ ማድረግ አለባት። አራት ጊዜ ተሳሳትኩ። አራቱንም ጊዜ «ይደገም» አሉኝ እንጂ ካቻቢቴውን ከእጄ አልወሰዱም። ለዚህ ነገር ነው ከልቤ የማመሰግናቸው።

ትናንት ዘይት ሞልተን፣ ካንዴላው ሳይገባ ደጋግሜ እንድረግጥ አደረጉኝ፤ ዘይቱ ይዳረስ ብለው። ከዚያ ካንዴላው ገባ። በሦስተኛው ርግጫ ተነሳች! ሚኒሞዋን (ጋዝ ሳይሰጣት የምትዞርበትን ፍጥነት) አስተካክለው «ቀስ ብለሽ ንጂ፣ ፋሻው ገና ይለምዳል» አሉኝ። እስከ ጥቁር ውሃ ደርሼ ተመለስኩ።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ስልካቸው እዚህ እንዲለጠፍ አልፈለጉም፤ ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ክፍያ ላይ በጣም ያፍራሉ፤ ከእኔም ገንዘቡን በግድ ነው የተቀበሉኝ። እባካችሁ የሚገባቸውን ክፈሏቸው። ጠዋት ባጃጅ ስለሚበዛባቸው ከምሳ በኋላ ሂዱ። የተፈታ ሞተር ካላችሁ የተሰበረውንም ጭምር ይዛችሁ ሂዱ፣ አንዲት ራንዴላ እንኳ እንዳትጥሉ።