ሞቷል ያልኩት ሞደም፣ ከአሥር ወር በኋላ

ኮምፒውተሬን በስልክ መስመር ከኢንተርኔት የሚያገናኘውን ይህን 56ኬ ውጫዊ ሞደም የገዛሁት ተናድጄ ነው። ከዊንዶውስ ሊኑክስ ወደተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በተሻገርኩ በሦስተኛው ቀን፣ ኮምፒውተሬ ውስጥ ያለው የሞደም ካርድ ጭራሽ እንዳልነበረ ሆነ። በዊንዶውስ ያለ አንዳች ቅሬታ ሲደውል የኖረ ካርድ ስለሆነ ጥፋቱን በሊኑክስ ላይ ደፈደፍኩት። ካርዱ ግን ለካ ግማሽ ሞደም ኖሯል። «ዊንሞደም» የሚባለው ዓይነት ዋናውን ሥራ ለኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ይተወዋል፤ ይህን የሚያሠራው ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ደግሞ ለእኔ ካርድ የተጻፈው ለዊንዶውስ ብቻ ነበር።

ውጫዊው ሙሉ ሞደም ነው። በሲሪያል ገመድ ይሰካል፣ የተለየ ድራይቨር አይጠይቅም። ይህን አምኜ ሰካሁት፤ የመደወያውን ፕሮግራም ከፈትኩ። «ሞደሙ ምላሽ አይሰጥም» አለኝ።

ሁለት ምሽት ታገልኩ። ገመዱን ቀየርኩ፣ የስልኩን መስመር በተራ ስልክ ፈተሽኩ፣ በመጨረሻም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እንዳለ እንደገና ጫንኩት። የዊንዶውስ ልማድ ነው፤ ሲጨንቀን እንጭናለን።

ጉዳዩ የአቆጣጠር ነበር። ዊንዶውስ ኮም1 የሚለውን ፖርት (የሲሪያል ገመዱ መሰኪያ) ሊኑክስ ቲቲዋይኤስ0 ይለዋል፤ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። እኔ «አንደኛው ፖርት» በማለት ቲቲዋይኤስ1ን መርጫለሁ፤ ይህ ደግሞ ኮም2 ነው፣ ምንም ያልተሰካበት። ሁለት ምሽት ሙሉ ሳንኳኳ የነበረው ሰው የሌለበትን ቤት ነው።

የሚያናድደው፣ መልሱ ዓይኔ ሥር ሲበራ፣ ይልቁንም ሳይበራ መቆየቱ ነው። ሞደሙ ፊቱ ላይ የመብራት ረድፍ አለው። ቲአር የተጻፈበት የሚበራው አንድ ፕሮግራም ፖርቱን ሲከፍት ነው፤ ኤስዲ ትእዛዝ ከኮምፒውተሩ ሲደርስ፣ አርዲ ደግሞ ሞደሙ መልስ ሲሰጥ ብልጭ ይላሉ። በእነዚያ ምሽቶች ቲአር አንድ ጊዜም አልበራም። ማንም እንዳላናገረው ሞደሙ ራሱ እየነገረኝ ነበር።

ፖርቱን አስተካክዬ ሚኒኮም የተባለውን፣ ከሞደም ጋር በጽሑፍ የሚያነጋግረውን ፕሮግራም ከፈትኩና «ኤቲ» የሚለውን የሞደም ትእዛዝ ጻፍኩ። ቲአር በርቷል፤ ኤስዲ ብልጭ አለ፣ አርዲ ተከተለው፣ ስክሪኑ ላይ «ኦኬ» ወጣ። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ፕሮግራም ሞደሙን ሲያማው መጀመሪያ የማደርገው ይህንኑ ነው። «ኦኬ» ካለ ሞደሙ፣ ገመዱና ፖርቱ ደህና ናቸው፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

እስከዚያ ድረስ እንደ ማንኛውም ጀማሪ ሁሉ ነገር በሚፈቀድለት የአስተዳዳሪ ስም፣ በሩት፣ ነበር የምሠራው። በራሴ ስም ስገባ ፕሮግራሙ ሞደሙን መክፈት አልቻልኩም አለ። ፖርቱን መክፈት የሚፈቀደው «ዳያልአውት» ለሚባለው የተጠቃሚዎች ቡድን ስለሆነ ስሜን እዚያ ማስገባት ነበረብኝ። አስገባሁ፤ አልሠራም። ወጥቶ እንደገና መግባት እንደሚያስፈልግ ማን ነግሮኝ!

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን 56 እርሱት። በ1998 በጸደቀው ቪ.90 መስፈርት ይህ ቁጥር የመቀበያ ጣሪያ ነው፤ መላኪያው ከ33.6 አያልፍም፤ ሁሉም በኪሎቢት በሰከንድ ነው። እኔ ብዙውን ጊዜ ከ44 እስከ 48 አገኛለሁ፤ አንድ ሜጋባይት ፋይል ሦስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። መጀመሪያ ላይ «ኮኔክት 115200» የሚል መልእክት አይቼ ለጓደኛዬ ጉራዬን ነዝቻለሁ። ያ ቁጥር በኮምፒውተሩና በሞደሙ መካከል ያለው ፍጥነት እንጂ የስልክ መስመሩ አልነበረም። እስካሁን ይስቅብኛል።

በአምስተኛው ወር መስመሩ ደህና ሆኖ ሳለ «የመስመር ድምፅ የለም» ማለት ጀመረ። ያልተሰማ የድምፅ መልእክት ሲኖር ስልክ ሲነሳ የሚሰማው ድምፅ ይቆራረጣል፤ ሞደሙ ያንን የመስመር ድምፅ ብሎ አይቀበለውም። ፕሮግራሙ ሞደሙን በሚያስጀምርበት ትእዛዝ ላይ ኤክስ3ን ጨመርኩበት፤ አሁን ድምፁን ሳይጠብቅ ይደውላል። ሲደውል የሚያሰማውን ጩኸትም ኤም0 በሚባለው ትእዛዝ ዝም አሰኝቼው ነበር፤ በሳምንቱ መለስኩት። ጥሪው ተይዞ ይሁን ጭራሽ ሳይነሳ የቀረው በጆሮ ቶሎ ይለያል።

ቅሬታ አለኝ። የኤሌክትሪክ መሰኪያው ግዙፍ ስለሆነ ጎረቤቱንም ሶኬት ይሸፍናል፤ ማብሪያ ማጥፊያው ከጀርባ ነው፤ መስመር በድንገት ሲቋረጥ በወር አንድ ሁለቴ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ያኔ አጥፍቼ አሥር ሰከንድ እጠብቅና አበራዋለሁ። ከውስጥ የሚሰካ ካርድ ቢሆን ኮምፒውተሩን በሙሉ ማጥፋት ነበረብኝ።

እንደገና ብገዛ ይህንኑ እገዛለሁ። ኮምፒውተራችሁ ሲሪያል ፖርት ከሌለው የዩኤስቢ ሞደም አለ፤ ግን ውጫዊ ስለሆነ ብቻ አትመኑት፣ ከእነሱም ውስጥ ሥራውን ለፕሮሰሰሩ የሚጥሉ አሉ። ስትሰኩት ሊኑክስ ላይ ቲቲዋይኤሲኤም0 በሚል የፖርት ስም ብቅ ካለ «ኤቲ» ብላችሁ ጻፉለት።