ልጆች ሲወጡ፦ በግቢ ትንሽ ቤት መሥራት፣ አፓርታማ መግዛት ወይስ ቢሾፍቱ መውረድ?

አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ ለማሳደግ ተብሎ የተሠራ ጂ ፕላስ ዋን፣ ልጆቹ አግብተው ወይም ውጭ አገር ሄደው ከወጡ በኋላ ለባልና ሚስት ብቻ ይቀራል። ፎቁ ይቆለፋል፤ ጣሪያው፣ ቀለሙና የጥበቃው ደመወዝ ግን እንደ ድሮው ገንዘብ ይበላል። ወደ ትንሽ ቤት መዛወር ያሰቡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በሦስት ምርጫዎች መካከል ያመነታሉ።

እኔ ግቢው ለሚፈቅድላቸው የማስቀድመው በዚያው ግቢ መሥራትን ነው። መሬት አይገዛም፤ ዕድሩ፣ ጎረቤቱና የሰፈሩ ሐኪም ቤት እዚያው ናቸው፤ ትልቁ ቤት ይከራያል። ጓሮ ያለውን ሰርቪስ በማደስና በመቀጠል ለማብቃቃት ግን አትሞክሩ። ብዙ ጊዜ አጥር ተደግፎ የተሠራ ስለሆነ የኋላው ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ በዚያ በኩል መስኮትም አይወጣለትም። ብታፈርሱትና ከአጥሩ አራቅ አድርጋችሁ ከ70 እስከ 80 ካሬ ብትሠሩ ሳሎን፣ ሁለት መኝታና ደህና ማድ ቤት ይወጣዋል። ከሁሉ በፊት ግን ካርታውን ይዛችሁ የግንባታ ፈቃድ ክፍል ሂዱ፤ ከይዞታው ምን ያህሉ ሊሸፈን እንደሚችል የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። የመብራትና የውኃ ቆጣሪውን ከተከራዩ መለየትም አይረሳ።

ለእርጅና በሚሠራ ቤት ትልቁ ጉዳይ ደረጃ ነው። ወለሉ ከግቢው 45 ሴንቲሜትር ከፍ ካለ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ያለ ችግር የሚወጣበት መወጣጫ 5 ሜትር ከ40 ርዝመት ይፈልጋል፤ በየ1 ሴንቲሜትሩ ከፍታ 12 ሴንቲሜትር ማለት ነው። ከፍታው 30 ከሆነ 3 ሜትር ከ60 ይበቃል። ስለዚህ ጎርፍ የማያሰጋ ግቢ ከሆነ መሐንዲሱን «ዝቅ አድርግልኝ» በሉት። የመታጠቢያ ቤቱ በር 90 ሴንቲሜትር ይሁን፣ ወደ ውጭ ይከፈት፤ ሰው ውስጥ ቢወድቅ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር በራሱ በወደቀው ሰው ይዘጋል። ሻወሩ ደፍ አይኑረው። መያዣ ብረት የሚታሰርበትን ግድግዳ ገና ሲገነባ በአርማታ አጠንክሩት፤ ብሎኬት ላይ የተመታ ቡለን የሰው ክብደት ሲያርፍበት ይነቀላል።

አፓርታማ የሚመቸው ግቢ መጠበቅና አጥር ማደስ ለሰለቻቸው ነው። በር ቆልፎ ልጆች ጋ ሁለት ወር መክረም ይቻላል። ነገር ግን በተለመደው ጂ ፕላስ ፎር ኮንዶሚኒየም አሳንሰር የለም፤ ውኃ በጠፋ ቀን ጀሪካን አራተኛ ፎቅ ማውጣትን አስቡት። በዚያ ዓይነት ሕንፃ ከምድር ቤት ወይም ከአንደኛ ፎቅ በላይ አልመክርም። አርባ ስልሳ (40 በመቶውን ቆጥበው ቀሪውን በባንክ ብድር የሚገዙት ኮንዶሚኒየም) ወይም ሪል እስቴት ከሆነ አሳንሰር አለ፤ መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር ይሠራ እንደሆነ፣ የናፍጣው ወጪ እንዴት እንደሚከፈል ግን ከሻጩ ሳይሆን እዚያ ከሚኖር ሰው ጠይቁ። እንጀራ የት እንደሚጋገር፣ ልቅሶ ቢደርስ ሰው የት እንደሚቀመጥም እዩ። ለመጋገሪያና ለልቅሶ የሚያገለግል የጋራ ቤት ያላቸው የኮንዶሚኒየም ሳይቶች በዚህ ይሻላሉ።

ዋጋ ስታወዳድሩ ሪል እስቴት የሚጠራው ካሬ ብዙ ጊዜ የደረጃውንና የኮሪደሩን ድርሻ የጨመረ ነው። በር ከተዘጋ በኋላ ያለውን የተጣራ ስፋት ጠይቁና ለዚያ አካፍሉ። ቤት ሸጠው ገንዘቡን ለያዙ አዛውንቶች ገና በወረቀት ላይ ያለ ሕንፃ እንዲገዙ በፍጹም አልመክርም፤ ርክክቡ በዘገየ ቁጥር የሚያልቀው የእነሱ ዕድሜና የኪራይ ገንዘባቸው ነው። ያለቀውን፣ ካርታውም የተዘጋጀለትን ግዙ። ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ውጭ የተያዘ ቦታ፣ የምትሸጡ ከሆነም ገዢው ወደ ሊዝ (መሬቱን ከመንግሥት በኪራይ ወደ መያዝ) እንደሚገባ ያውቃልና በዋጋ ድርድሩ ላይ ማንሳቱ አይቀርም።

ቢሾፍቱ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ከአዲስ አበባ ትሞቃለች፤ መንገዱም 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለጤነኛና ራሱ ለሚነዳ ሰው ደስ ይላል። በየወሩ አዲስ አበባ የሐኪም ክትትል ላለው ግን ምልልሱ ይከብዳል፤ ዕድርም ከአዲስ መጀመር አለበት። ከገበሬ በውል ብቻ የሚሸጥ ቦታ ቢረክስም አትንኩት፤ በሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም።

ውጭ ያሉት ልጆች «ስንመጣ የት እናርፋለን?» ብለው ሦስተኛ መኝታ ያስጨምራሉ። ሁለተኛው መኝታ ለእንግዳ ይበቃል፤ ለሦስተኛው ክፍል የሚወጣውን ገንዘብ ፀሐይ ለሚገባበት ሰፊ በረንዳ አውሉት። መሥራት ከወሰናችሁ ክረምቱ አልፎ መሬቱ ሲጠነክር በጥቅምት ጀምሩ፤ ሰኔ ሳይገባ ጣሪያው መልበስ አለበት። ትልቁን ቤት የምታከራዩት አዲሱ ውስጥ ገብታችሁ፣ አንድ ክረምት ጣሪያውንና ፍሳሹን ካያችሁ በኋላ ይሁን።