በርድዋንና ባራማሃል፦ በቅኝ ግዛት ሕንድ ሁለት የግብር ሥርዓት

በዳሞዳር ወንዝ ሜዳ ላይ በምትገኘው የቤንጋሏ በርድዋን፣ እ.ኤ.አ. ከ1793 ጀምሮ እንግሊዞች ግብር የሚቀበሉት ከባላባቱ፣ ከዘሚንዳሩ ነበር። መጠኑ ለዘለቄታው ተቆርጧል፤ በቀነ ገደቡ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልተከፈለ ግን ርስቱ በሐራጅ ይሸጣል። ጭሰኛው ስንት እንደሚገፈፍ ኮሌክተር የሚባለው የአውራጃው ሹም እምብዛም አያውቅም።

በደቡብ፣ ተራሮች በከበቡት ደረቁ ባራማሃል፣ የእንግሊዝ መኮንኖቹ አሌክሳንደር ሪድና ቶማስ መንሮ መሬቱን አስለክተው ከገበሬው ጋር በቀጥታ ተዋዋሉ። የመንደሩ ጸሐፊ ካርናም ማሳዎቹን ይመዘግባል፤ ገበሬውም ፓታ የተባለ የይዞታ ወረቀት ይቀበላል። መንሮ የደቡብ ሕንዷ ግዛት የማድራስ ገዥ ከሆነ በኋላ አሠራሩ በ1820 በሰፊው ተዘረጋ። ዝናብ ለማይታመንበት አገር ግብሩ ከባድ ነበር፤ ካርናሙም መዝገቡን ለጥቅሙ ሊያጣምም ይችላል። ቢሆንም እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ የገበሬው ስም መዝገብ ላይ ሰፍሯል፣ ለአቤቱታውም የሚያሳየው ወረቀት አለው።